«ፕሪሚቲቭ» በሚለው ቃል ላይ ያሳለፍኳቸው ሦስት ሳምንታት

ባለፈው ወር ባካፈልኋችሁ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ልምምዴ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም በገባንበት ዓመት ውኃ በጀሪካን እየተሸከምንና ከሰል እያቀጣጠልን ያሳለፍነውን ኑሮ «ፕሪሚቲቭ» ብዬው ነበር። ለማለት የፈለግሁት ገና ጅምር የሆነ፣ ያልተወሳሰበ ኑሮ ነው፤ ከእናንተ አንዷ ግን «ጎረቤቶችሽን እኮ ኋላ ቀር አልሻቸው» ብላ አረመችኝ። እውነቷን ነበር።

ቃሉ የመጣው «መጀመሪያ» የሚል ፍቺ ካለው ከላቲኑ «ፕሪሙስ» ነው። በ19ኛው መቶ ዓመት የአውሮፓ ምሁራን ሕዝቦችን በሥልጣኔ ደረጃ ሲደረድሩ ከታች ላስቀመጧቸው ስለተጠቀሙበት ንቀት ተጣብቆበት ቀረ፤ ዛሬ አንትሮፖሎጂስቶች (የሰውን ልጅና ባህሉን የሚያጠኑ ምሁራን) ስለ ሰዎች ሲጽፉ ይሸሹታል። በዚያው መቶ ዓመት መጀመሪያ በእንግሊዝ የተነሡ ሜቶዲስቶች (የፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች ወገን) ግን ወደ ቀደመው አምልኮ መመለሳቸውን ለማሳየት ይህንኑ ቃል መጠሪያቸው አድርገውት ነበር። ለእነርሱ «ኋላ ቀር» ብሎ መተርጎም ስሕተት ነው፤ የሚስማማቸው የእኛው «ጥንታዊ» ነው። በግእዝ «ጥንት» መጀመሪያ ማለት ስለሆነ፣ «ጥንተ አብሶ» ስንል ያረጀ በደል ሳይሆን የመጀመሪያውን በደል ማለታችን ነው።

ብዙ ያስተማረኝ የሥነ ሕይወት አጠቃቀሙ ነው። በ1974 እ.ኤ.አ. በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ቦታ የተገኘችው፣ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ ያላት ድንቅነሽ በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ ነበር፤ የዝርያዋ አንጎል ግን ትንሽ ነበር። ሳይንቲስቶች «ፕሪሚቲቭ» የሚሉት ትንሹን አንጎል ነው፤ ከቀደምት ዝርያዎች ሳይለወጥ የተወረሰ ባሕርይ ለማለት እንጂ ለማጣጣል አይደለም። ቆሞ መሄዷ ደግሞ በኋላ የመጣ ባሕርይ ነው። ስለዚህ አንድ አካል ሁለቱንም ይይዛል፤ ቃሉ የሚገልጸው ባሕርዩን እንጂ ባለቤቱን አይደለም።

ፕሮግራሚንግ የሚማረው ወንድሜም ጃቫ የተባለው የፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስምንት «ፕሪሚቲቭ» የዳታ ዓይነቶች እንዳሉት ነገረኝ፤ በቋንቋው ውስጥ አብረው የተሠሩ መነሻ ዓይነቶች ናቸው፤ ማንም አይቀየምባቸውም።

ያን ዓረፍተ ነገሬን «ቀላል» በሚለው ቃል አስተካክዬዋለሁ። አሁን የያዝሁት «ፕሪስቲን» የሚለውን ነው፤ የ«ፕሪሙስ» ዘመድ ሆኖ እርሱም በፊት «የቀድሞ» ማለት ሲሆን፣ ዛሬ ግን «ያልተነካ፣ ንጹሕ» ለማለት ያገለግላል። አንዱ ለስድብ፣ አንዱ ለውዳሴ የተለያዩበትን መንገድ ለማየት ከሁለቱም ዐሥር ዐሥር ዓረፍተ ነገር እየጻፍሁ ነው።