ወላጅ አምጣ፣ ቨርጂኒያ ላይ

እናቴ አገር ቤት መምህርት ነበረች። ደብረ ብርሃን መምህራን ማሰልጠኛ ነው የተማረችው፣ በዛን ጊዜ 12ኛን የጨረሰ አንድ አመት ይሰለጥንና አንደኛ ደረጃ ያስተምራል። ከዛ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ስሙን ብነግራችሁም የማታውቁት ገጠር መደቧት፣ በ1971 የመሰረተ ትምህርት ዘመቻ ሲጀመር ቀን ልጆቹን ማታ ደግሞ እናት አባቶቻቸውን በኩራዝ ታስተምር ነበር። ስለዛ ጊዜ ስታወራ ፖለቲካውን አታነሳም፣ እሷ ምታወራው ፊደል ሲቆጥሩ ከልጅ ልጃቸው ጋር ይፎካከሩ ስለነበሩ አንድ ሽማግሌ ነው፣ እስካሁን ትስቃለች።

በ1996 ዲቪ ደርሷት አሜሪካ ስንገባ 25 አመት ያስተማረች ሰው ናት እንግዲህ። ዘመድ አዝማድ ሁሉ «ወይኔ፣ መምህሯ ፓርኪንግ ገባች» እያለ አዘነላት። እውነት ነው ገብታለች፣ ዲሲ መሀል ከተማ ከምድር በታች ያለ ጋራዥ ውስጥ ካሸር ሆና የመኪና ጭስ እየማገች ሰርታለች። እኔ ግን ይሄ «ወረደች» ምናምን የሚባለው ወሬ ብዙም አይጥመኝም፣ ምክንያቱም ስራውን እሷ ራሷ አልናቀችውም። ያንገበገባት ሌላ ነገር ነው። ትራንስክሪፕቷን ኢቫሉዌት ለማስደረግ፣ ማለትም በአሜሪካ ትምህርት ስንት እንደሚመዘን ለማስለካት፣ ወረቀቱ ከማሰልጠኛው በታሸገ ፖስታ መምጣት አለበት ተባለች፣ ያንን ለማስጨረስ ስንት ሰው ተለመነ ስንት ስልክ ተደወለ፣ በመጨረሻ ውጤቱ ሲመጣ የአንድ አመት ስልጠና ዲግሪ አይደለም፣ ቨርጂኒያ ደግሞ ለመምህርነት ፈቃድ ዲግሪ ትጠይቃለች፣ በቃ። 25 አመቱ የትም የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ረዳት መምህር መሆን እንደሚቻል የነገረቻት አብራት የምትሰራ ልጅ ናት። የድሃ ልጆች በብዛት የሚማሩበትና የፌደራል ድጎማ ያለው ትምህርት ቤት ረዳት ለመሆን ወይ ሁለት አመት ኮሌጅ ወይ ፈተና ነው፣ ፈተናው ፓራፕሮ ይባላል፣ ንባብ ጽሁፍና ሂሳብ፣ 90 ጥያቄ። መጽሐፉን መኪና በማይበዛበት ሰአት እዛችው ካሸር ሳጥን ውስጥ ነው ያጠናችው። ሂሳቡ ቀልድ ነበር ለሷ፣ እንግሊዝኛ ንባቡ ግን አሳር አሳያት። ፈተናውን አለፈችና ኬጂ ክፍል ገባች፣ የልጇ እኩያ የሆነች መምህርት ስር ማለት ነው።

አሁን ወደዋናው ነገር ልምጣ፣ ይሄን ሁሉ ያስጻፈኝም እሱ ነው። እኛ አገር «ወላጅ አምጣ» ከተባልክ አለቀልህ፣ ወይ መስኮት ሰብረሃል ወይ ተደባድበሃል። እዚህ ግን ኮንፈረንስ ብለው ስለልጁ ከመምህሩ ጋር እንዲነጋገር ለሁሉም ወላጅ ቀጠሮ ይልካሉ፣ ጎበዝ ልጅ ያለውም ይሄዳል። አበሻ ወላጅ ወረቀቱ ሲደርሰው ወይ ይደነግጣል፣ ወይ «ልጄ ካላጠፋ ለምን ብዬ ነው ሺፍቴን ምጥለው» ብሎ ይቀራል፣ ደሞ እኮ እኛ ልጅ ለመምህር ስንሰጥ «አይኑን ብቻ ተውልኝ» ብለን ነው ያደግነው፣ መምህር ስራ ውስጥ መግባት ነውር ይመስለናል። ትምህርት ቤቱ ደግሞ ወንበሩ ባዶ ሲሆን እነዚህ ሰዎች ስለልጃቸው ግድ የላቸውም ብሎ ይደመድማል። እማዬ ይሄን ስታይ ነው ደሟ የሚፈላው።

አንድ ቀን ምን ሆነ መሰላችሁ፣ አንዲት እናት ከአራተኛ ክፍል ልጇ ጋር መጣች፣ ኮፍያዋን እንኳን ሳታወልቅ ከስራ ቀጥታ ነው የመጣችው። መምህርቷ የቤት ስራ አያመጣም፣ ክፍል ውስጥ ያወራል፣ ንባቡም ከክፍሉ ወደኋላ ቀርቷል ትላለች፣ አስተርጓሚው ልጁ ራሱ ነው። «ጎበዝ ነው አለች፣ ጓደኞቹ በጣም ይወዱታል፣ ንባብ ላይ ትንሽ ቢጨምር ነው ምትለው።» እናትየው «ተመስገን!» ብላ ተነስታ መምህርቷን አቀፈቻት፣ መምህርቷ ግራ ገባት። እማዬ ለካ ከኋላ ወንበር እየደረደረች ነበር፣ ልጁ አላያትም። መጥታ አጠገቡ ቁጭ አለችና «በል እስቲ የኔ ጌታ፣ እንደገና ተርጉም፣ ሳታሳጥር» አለችው። ልጁ መሬቱን ነው ያየው። እናቱ ገብቷት ልትቆጣው ስትል እማዬ «እሱ ምን ያርግ፣ የሱ ስራ አልነበረም» አለች፣ ከዛ ቀን ጀምሮ ለማንኛውም አበሻ ወላጅ የምትለው አንድ ነገር ነው፣ ልጃችሁን አታስተርጉሙ፣ ትምህርት ቤቱን አስተርጓሚ ጠይቁ፣ በነጻ ነው፣ መብታችሁ ነው።

ከዛ የባሰው ደግሞ ስፔሻል ኤጁኬሽን የሚባለው ነገር ነው፣ ልዩ ድጋፍ ለሚያስፈልገው ልጅ የሚሰጥ እርዳታ ማለት ነው። ቃሉን ሲሰማ ያበደ ወላጅ አለ፣ «ልጄን እብድ አሉት» ብላ ትምህርት ቤት ልትቀይር የተነሳች እናት አውቃለሁ። እማዬ ቤታችን ጠርታ ቡና አፍልታ ነው ያስረዳቻት። ያለ አንቺ ፊርማ ምርመራውን መጀመር አይችሉም፣ እርዳታውንም ቢሆን ያለ ፊርማሽ አይጀምሩም፣ ቢያስፈልግ ቆይተሽ ታቆሚዋለሽ፣ ስብሰባው ላይም እኔን ሳይሆን የተማረ አስተርጓሚ አስመጪ አለቻት። ሴትየዋ ዝም። ከዛ እማዬ እኛ ልጆቿ እንኳን ሰምተነው የማናውቀውን አወራች፣ 80 ልጅ ባለበት ክፍል ኋላ የሚቀመጡ ልጆች ነበሩኝ፣ አይኑ ይሁን ጆሮው ይሁን ማንም ሳያየው ሰነፍ እያልን አሳልፈናቸዋል፣ አንድ የሚመረምራቸው ሰው ባገኝ ምን በሆንኩ ብላ አይኗ እንባ ሞላ። ሴትየዋ የዛን ቀን አልፈረመችም። ቆይታ ፈረመች። የልጁ ነገር የሰው ጉዳይ ነው፣ አልናገርም።

ቤት ውስጥስ? ቤት ውስጥ ዳይሬክተር ናት ብላችሁ ጨርሱት። ስንመጣ ታላቅ ወንድሜ 23 አመቱ ነበር፣ ዲቪ ደግሞ ከ21 በታች ያሉትን ልጆች ብቻ ነው የሚያመጣው፣ እሱ ቀረ። እሱም እንዲመጣ ማመልከቻውን፣ ፋይል የምንለውን፣ ወዲያው አስገባችለት፣ ግን ግሪን ካርድ ብቻ ያላት እናት ያስገባችለት ልጅ ካገባ ፋይሉ ይወድቃል። አስቡት፣ ልጁ እጮኛ አለችው። እናት ከዚህ እየደወለች «ጠብቅ ልጄ» ትላለች፣ የልጅቷ ቤተሰብ ደግሞ ከዛ እስከመቼ ይላል። እማዬ ሲቲዝን በሆነች ማግስት ደውላ «አግባ» አለችው፣ የሲቲዝን ልጅ ቢያገባም ፋይሉ አይሞትም፣ ወረፋው ግን ይረዝማል። አገባ፣ ከአስር አመት በላይ ጠብቆ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር መጣ። ይሄን ሁሉ ሲሰላ የነበረው ጠበቃ ቢሮ አይደለም፣ እማዬ ደብተር ላይ ነው፣ ወረፋው የት እንደደረሰ የሚያሳየውን፣ በየወሩ የሚወጣውን የቪዛ ቡለቲን በቀይ እስክሪብቶ እየመዘገበች።

የእህት ወንድሞቿን ልጆች የምታስተምረውም እሷ ናት፣ ግን የውጤት ካርድ ሳይላክ የትምህርት ቤት ክፍያ አይላክም። ድሮ በፖስታ ነበር፣ አሁን ፎቶ ተነስቶ በቫይበር ይመጣል። አንዱ የአጎቴ ልጅ ፊዚክስ 58 ያመጣትን 88 አድርጎ ላከላት፣ በጣም አሪፍ አድርጎ ነው የሰራው፣ እኔ አይቼው አልጠረጠርኩም። እማዬ ግን የሁሉንም ትምህርት ነጥብ በእጇ ደመረች፣ ለትምህርቱ ቁጥር አካፈለች፣ ካርዱ ላይ ካለው አማካይ ጋር አልገጥም አለ። አንድ ቃል አልተናገረችውም፣ ክፍያውንም አላስቀረችም። ክረምቱን ሙሉ ማታ ማታ በስልክ የፊዚክስ መጽሐፉን ጮክ ብሎ እንዲያነብላት አደረገችው፣ እሱ የዛን ክረምት ሲያስታውስ እስካሁን ይንገፈገፋል።

እኔ ግን ቅሬታዬን ሳልናገር ብቀር እሷም አታምነኝም። የሌላ ሰው ልጆች ኮንፈረንስ ሁሉ የምትገባዋ እናቴ የኔ አንዱም ላይ አልተገኘችም፣ ያኔ ጋራዥ ማታ ነበር የምትሰራው፣ ባንክም ሀኪም ቤትም ለቤተሰቡ የማስተረጉመው እኔ ነበርኩ። አንዴ ይሄን ነገርኳት። «አውቃለሁ» አለችና ሌላ ወሬ ጀመረች። አኩርፌ ከርሜያለሁ፣ እሷ ደግሞ እንደ አገር ቤት እናት ምግብ እየቋጠረች በመላክ ነው የምትታረቀው።

አሁን ጡረታ ወጥታለች፣ በወረቀት ደረጃ ማለቴ ነው። መኸር ላይ የኮንፈረንስ ሰሞን ሲደርስ ስልኳ አያርፍም። እዚህ ቨርጂኒያ ያለችው አሌክሳንድሪያ ከተማ የትምህርት ቤት ወረቀት በአማርኛም ይመጣል፣ ብዙ ሰው አማርኛውን ሳያይ እንግሊዝኛውን አይቶ ነው የሚጥለው፣ ከስር ከስር ፈልጉ ትላለች። አብራችሁ እንድትሄድ ከፈለጋችሁ ደግሞ ቅድመ ሁኔታ አላት፣ ጥያቄያችሁን ከቤት ጽፋችሁ ነው የምትመጡት፣ እስክሪብቶ ሳይዝ የመጣ ወላጅ ካየች በልጁ ፊት ነው የምትቆጣው።