ሲቭሳጋር፦ ቀድሞ የሚመሽበት የአሆሞች መናገሻ

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በአሳም ግዛት ያለውን፣ አሆም የተባሉት ነገሥታት ይገዙት የነበረውን የሲቭሳጋር አውራጃ ስጎበኝ ዕቅዴን ያፋለሰው ሰዓት ነው። ሕንድ ከዳር እስከ ዳር የምትቆጥረው በአንድ ሰዓት ስለሆነ፣ በዚህ ምሥራቃዊ ጥግ በታኅሣሥ ፀሐይ የምትጠልቀው በእኛ አቆጣጠር 10 ሰዓት ተኩል ሳይሞላ ነው። የሻይ እርሻዎቹ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት አስቀድመው የሚሠሩትም ለዚሁ ነው። ለከሰዓት ያቆየሁትን ሁሉ በድንግዝግዝ አየሁት። በማግስቱ ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተኩል ላይ ወጣሁ፤ ቅደም ተከተሉንም ገለበጥኩት።

መጀመሪያ ቻራይዴዎ። ከሲቭሳጋር ከተማ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል፣ ዛሬ ለብቻው አውራጃ ነው። መልስ የሚገኝ መኪና ስለማያስተማምን ለቀኑ ሙሉ ኮንትራት መያዝ ይሻላል። ልዑሉ ሱካፋ እ.ኤ.አ. በ1228 ተራራ አቋርጦ መጥቶ የአሆምን መንግሥት ሲመሠርት፣ በ1253 የመጀመሪያ መናገሻውን የተከለው እዚህ ነው። 600 ዓመት ያህል የገዛው ሥርወ መንግሥት ነገሥታቱን የቀበረውም እዚሁ፣ ሞይዳም በሚባሉት ጉብታዎች ሥር ነው። 90 ሞይዳሞች በ2024 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ከሩቅ ሣር የለበሰ ኮረብታ ይመስላሉ። ጠጋ ሲሉ ግን ጉብታውን የከበበው ስምንት ማዕዘን አጭር ግንብ ይታያል። ከሥሩ ያለው የመቃብር ክፍል ቀድሞ ከእንጨት፣ ከ18ኛው ክፍለ ዘመን ወዲህ ከጡብና ከድንጋይ ይሠራ ነበር። ሣሩ ጠዋት ጤዛ ስለሚይዝ የሚያንሸራትት ጫማ አይሆንም።

ይህን አይቶ ወደ ሲቭሳጋር ከተማ መመለስ ጥቅሙ ትልቅ ነው፤ የጡብ ሥራው እንዴት እንዳደገ ዓይን በራሱ ይከተለዋል። “ታላታል ጋር” የሚባለው የአሆሞች ቤተ መንግሥት ሰባት ፎቅ ሲሆን ሦስቱ ከመሬት በታች ናቸው። ብዙ ሰው ስለ ምሥጢር ዋሻዎቹ ሰምቶ ይመጣል፤ የታችኛው ክፍል ግን ዝግ ነው። ጊዜን ለግድግዳው መስጠት ይበጃል፦ ጡቦቹ ስስ ናቸው፣ ማያያዣው ከሚጣበቅ ሩዝና ከእንቁላል እንደተቦካ ይነገራል። አጠገቡ ያለው ራንግ ጋር ንጉሡ የጎሽ ፍልሚያ የሚያይበት ባለ ሁለት ፎቅ ሰገነት ነው፤ ጣሪያው የተገለበጠ ጀልባ ይመስላል። ቅርጹ በደንብ የሚለየው ከፊት ለፊቱ ሜዳ ራቅ ብለው ሲቆሙ ነው።

ብርሃን የማይጠይቀውን ለመጨረሻ አቆየሁት፦ ንግሥት አምቢካ በ1730ዎቹ ያስቆፈረችውን ሰው ሠራሽ ሐይቅና ዳርቻው ላይ ያለውን የሂንዱዎች አምላክ የሺቫን ቤተ መቅደስ። ጫማ ደጅ ስለሚወልቅ ወፍራም ካልሲ ይያዝ፤ ድንጋዩ ማታ ይቀዘቅዛል።