የቀትር ትርፍ ኮረንቲ ካርዳችሁን እንዳይበላው

ድሬዳዋ ላይ ሶላር ያስገባ ሰው ፀሐይ አይቸግረውም። የሚቸግረው ከቀኑ 6 እስከ 9 ሰዓት ኮረንቲው ተጠቃሚ ሲያጣ ነው። ከዚራ ሰፈር ሱቁ ይዘጋል፣ ሰው ያርፋል ወይም በርጫ ላይ ነው። 5 ኪሎዋት የተባለው ፓኔል ሙቀቱ 65 ዲግሪ ሲደርስ 4.3 ገደማ ይሰጣል፤ ቤቱ 1 ብቻ ከተጠቀመና ባትሪው ከሞላ ቀሪው ወደ ፖሉ ይወጣል።

ፓኔል መስቀል፣ ብሬከር፣ ኧርዝ፦ ደህና ኤሌክትሪሺያን ይጨርሰዋል። እኔን ያንገበገበኝ ቆጣሪው ነው። «የሚቆጥረው ከመስመር የምትወስደውን ብቻ ነው» ብለው የመለሱኝ ባለሥልጣናት ወጥተው አላዩትም። አቅጣጫ የማይለይ ካርድ ቆጣሪ የሚወጣውንም እንደ ፍጆታ ይደምራል፤ አንዳንዱ ጭራሽ ይቆልፋል።

ባትሪው ሞልቶ ሳለ ቀትር ላይ ሶላሩንና ዋናውን ብሬከር ሳታጠፉ የቤቱን ሌሎች ብሬከሮች በሙሉ አውርዱና የቆጣሪውን ቀይ መብራት እዩ። ፊቱ ላይ በኪሎዋት ሰዓት 1000 ምት ተብሎ ከተጻፈ፣ በ3.6 ሰከንድ አንዴ ብልጭ ማለት 1 ኪሎዋት ነው። ምንም ሳይሠራ በየሰከንዱ ብልጭ ካለ 3.6 ኪሎዋት ወደ ውጭ እየሰጣችሁ ነው፤ የካርዱ ቀሪም ከቀነሰ ለሰጣችሁትም እየከፈላችሁ ነው።

መድኃኒቱ ዜሮ ኤክስፖርት ነው፤ ኢንቨርተሩ (የፓኔሉን ኮረንቲ ለቤት የሚቀይረው ማሽን) ወደ ውጭ እንዳይልክ መገደብ። ይህን የምታስችለው ፌዙን (ኮረንቲ ያለበትን ሽቦ) የምታቅፈው የኮረንቲ መለኪያ ቀለበት፣ ሲቲ ናት። ቦታዋ ከቆጣሪው በኋላ፣ ከየትኛውም ቅርንጫፍ በፊት ነው። የፓምፑ መስመር ከእሷ በፊት ከተቀጠለ ኢንቨርተሩ ፓምፑን አያየውም። ቀስቷ ደግሞ በመመሪያው መሠረት ይሁን፤ አንዱ ብራንድ ወደ መስመር ይላል፣ ሌላው ወደ ቤት። ከተገለበጠች የሚወጣውን የሚገባ አድርጋ ታነባለች፤ ኢንቨርተሩም ይብስ ጨምሮ ይልካል። የገጠመልኝ ሰው ገልብጦ አስሮ፣ ማታ ፀሐይ በሌለበት «ሞክሬያለሁ» ብሎ ፈርሞ ሄደ። ማታ ምን ይሞከራል?

ቀን ላይ የኤሌክትሪክ ምጣዱን ሰኩ፤ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። የኢንቨርተሩ ስክሪን ላይ ከመስመር የሚገባው ከፍ፣ ወይም የሚወጣው ዝቅ ማለት አለበት፤ የሚወጣው ከጨመረ ሲቲዋን አዙሩ። ከዚያ ገደቡን ዜሮ ላይ ሳይሆን 50 ዋት ከመስመር እንዲወስድ አድርጋችሁ ተዉት። ኤሲው በድንገት ሲቆም ኢንቨርተሩ እስኪቀንስ አንድ ሁለት ሰከንድ ይፈጃል፤ ያቺንም ቆጣሪው አይምርም።

ወደ መስመር የምትልኩና ቀትር ላይ ኢንቨርተሩ የሚጠፋባችሁ፣ ቮልቴጁን ለኩ፤ ከገደቡ ሲያልፍ ኢንቨርተሩ ራሱን ያጠፋል። ከትራንስፎርመር 100 ሜትር ርቆ፣ ባለ 16 ካሬ ሚሊሜትር አሉሚኒየም ሽቦ ላይ 5 ኪሎዋት ሲወጣ 8 ቮልት ገደማ ይጨምራል። ጎረቤት በዚያው ፌዝ ላይ ሶላር ካለው ይደመራል። «ገደቡን ከ253 ወደ 265 ከፍ አድርገው» የሚለውን ምክር አትስሙ፤ የሚቃጠለው የጎረቤት ፍሪጅ ነው።

ትርፉን እቤት ጨርሱት፦ ሮቶውን በቀትር ሙሉ፣ ክፍሉን ከ9 ሰዓት በፊት በኤሲ አቀዝቅዙ። እንጀራ በዚያ ሙቀት ጋግሩ ብዬ ማንንም አላስገድድም። ፓምፑን በሰዓት አትቆጣጠሩት፤ ደመና ከመጣ ከመስመር ይስባል። ባትሪው 95 በመቶ ሲሞላ እንዲነሳ፣ 85 ሲደርስ እንዲቆም አስተካክሉት። የ1 ፈረስ ጉልበት ፓምፕ ሲነሳ ከመደበኛው 5 እጥፍና ከዚያ በላይ አምፔር ስለሚስብ፣ በትንሿ ማብሪያ በሪሌ ሳይሆን ከባድ ኮረንቲ በሚችለው ማብሪያ በኮንታክተር ይሁን።