ላጲሱን አስቀምጪው

ለዓመታት እንጀራዬ ስሌት ነበር። ውጭ አገር፣ በአንድ የምርምር ማዕከል የውኃና የአየር ፍሰትን የሚያሰሉ ፕሮግራሞችን በፎርትራን እጽፍ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1957 የወጣ ቋንቋ ቢሆንም የአየር ትንበያ ሞዴሎች ዛሬም ይሠሩበታል። ከዚያ ወደ ማስተማር ገባሁ፤ መጀመሪያ ጅቡቲ፣ አሁን ድሬዳዋ። የድሮ ባልደረቦቼ ሙያዬን የጣልኩ ይመስላቸዋል። አልጣልኩም።

ክፍሌ ውስጥ ጅቡቲ በፈረንሳይኛ ሲማሩ የቆዩ ልጆች አሉ። እኛ ነጥብ የምናደርግበት ቦታ ኮማ ያደርጋሉ፤ 0.5 እነሱ ዘንድ 0,5 ነው። ሁለቱንም እቀበላለሁ።

ግንቦት ላይ ነው። ሞላ ላይ የታሰረ ዕቃ ወዲያ ወዲህ ሲል እንቅስቃሴውን በኮምፒውተር ልናሰላ ስንል መብራት ጠፋ። ማራገቢያውም ቆመ፤ የድሬን ግንቦት የሚያውቅ ያውቀዋል። "በእጅ እንሠራዋለን" ብዬ ሰሌዳው ላይ ሁለት መስመር ጻፍኩ። አዲሱ ቦታ፦ የቀድሞው ቦታ ሲደመር የቀድሞው ፍጥነት በጊዜ እርምጃው ተባዝቶ። አዲሱ ፍጥነት፦ የቀድሞው ፍጥነት ሲቀነስ የቀድሞው ቦታ በእርምጃው ተባዝቶ። መነሻ ቦታ 1፣ ፍጥነት 0፣ እርምጃ 0.5።

ይህ የኦይለር ዘዴ ነው፤ እዚህ ላይ እንደማይሆን እያወቅኩ ነው የሰጠኋቸው። በእነዚህ ቁጥሮች የዕቃው ኢነርጂ በየእርምጃው በሩብ ያድጋል። ማንም ሳይገፋው ንዝረቱ እየበረታ ሲሄድ ልጆቹ ራሳቸው "እንዴት ይሆናል?" እንዲሉ ፈልጌ ነበር። አሉም።

ከኋላ ግን አንዲት ልጅ "አቦ ቲቸር፣ የኔ አልሸሸም እኮ!" አለች። ጓደኛዋ ተሳስተሻል ብላ ላጲስ እያቀበለቻት ነው። ሄጄ ደብተሯን አየሁት። ፍጥነቱን አስቀድማ አስልታ አዲሱን ፍጥነት ወደ ቦታው ስሌት አስገብታዋለች። በመጀመሪያው ረድፍ የሌሎቹ ቦታ ገና 1 ሲሆን የእሷ 0.75 ነው። ቁጥሮቿ ይወዛወዛሉ እንጂ አያብጡም።

"ላጲሱን አስቀምጪውና ሰሌዳው ላይ ጻፊው" አልኳት።

ቦታን በአግድም፣ ፍጥነትን በቁም አድርገን ነጥብ በነጥብ ሣልነው። ትክክለኛው እንቅስቃሴ ክብ ይሠራል። የኦይለር ነጥቦች የክቡን ጠርዝ ነክተው ቀጥ ብለው ስለሚወጡ እያንዳንዱ ከቀድሞው ይርቃል። የእሷ ግን ሞላላ መስመር ላይ እየዞረ ይቀራል። እኔ ይህን ስልት ለዓመታት ከተዘጋጀ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌሎች ጽፈው ካስቀመጡት የፕሮግራም ስብስብ፣ እየጠራሁ ተጠቅሜበታለሁ፤ ላብ እያጠመቃት "ለምን?" ለምትል ልጅ ማስረዳት ግን ሌላ ዓይነት እውቀት ይጠይቃል፤ ይህን ሥራ የምወደውም ለዚሁ ነው።

ከዚያ የፊዚክስ መምህሩን አለን ክሮመርን አነሣሁላቸው። እ.ኤ.አ. በ1981 ስለዚሁ ዘዴ ባሳተመው ጽሑፍ መንገዱን በአጋጣሚ ያገኘችው አንዲት የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ መሆኗን ጽፏል። ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ።

ልጅቷ ግን አልረካችም፤ "እርምጃው ስንት ሲደርስ ነው የኔም የሚበላሸው?" ብላ ጠየቀች። መልሱን አልነገርኳትም። በማግስቱ ከጓደኛዋ ጋር ቁጥር እየቀያየሩ ሞክረው መጡ፤ ከ2 ሲያልፍ የእሷም ይሸሻል።