በከተራ ሌሊት መብራት ሲጠፋ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

ሰላም ናችሁ ወይ ወገኖቼ። ይሄን ለመጻፍ ሦስቴ ጀምሬ ሦስቴም አጥፍቼዋለሁ፣ ያ ሌሊት ትዝ ሲለኝ እስካሁን እጄን ያልበኛል፣ ግን የንስሐ አባቴ "ስለትሽን በጃንጥላ ብቻ አትጨርሽው ልጄ፣ ተናገሪው" ስላሉኝ ይኸው ልናገር። የጃንጥላውን ነገር እደርስበታለሁ።

እኔ ጎንደር ተወልጄ ጎንደር ያደግኩ ነርስ ነኝ፣ የጨቅላ ሕፃናት ክፍል ውስጥ ስድስት ዓመት ሠርቻለሁ፣ የሆስፒታሉን ስም አልጠራም፣ ሰው ለማሳጣት አይደለም የምጽፈው። ነርስነት ቤታችን የገባው በእናቴ አክስት ነው፣ እሳቸው እዚሁ ጎንደር በ1947 የተከፈተው የጤና ኮሌጅ ውስጥ የተማሩ ኮሚኒቲ ነርስ ነበሩ፣ በበቅሎ ገጠር ለገጠር እየዞሩ ክትባት ሲሰጡ የነበሩ ሰው፣ ነፍሳቸውን ይማር። ልጅ ሆኜ ያችን ብረት የመርፌ መቀቀያ ሣጥናቸውን እያየሁ ነው ያደግኩት። ዲግሪዬን ስይዝ "ማስተርስሽን ሳላይ አልሞትም" አሉኝ፣ ግን አላዩም። እኔም የሕፃናት ነርሲንግ ማስተርስ ካልተማርኩ ብዬ ችክ ያልኩት ከዚህም የተነሳ ነው መሰለኝ።

መጀመሪያ ያመለከትኩት 2016 ላይ ነው። ከነሐሴ 2015 ጀምሮ ክልላችን ላይ ዳታ አልነበረም፣ ታስታውሳላችሁ። ፎርሙን አዲስ አበባ ያለው የአጎቴ ልጅ ሞላልኝ፣ ኢሜሉ ግን የራሴ ነበር፣ እና ከተማ ውስጥ ዋይፋይ ያለበት ቦታ ፈልጌ አንድ ሆቴል በረንዳ ላይ ቁጭ ብዬ ስከፍተው "ኦፊሻል ትራንስክሪፕትሽ አልደረሰንም፣ በአምስት ቀን ውስጥ አስልኪ" የሚል ደብዳቤ አገኘሁ፣ ከመጣ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ያዘዝኩት ማኪያቶ ቀዘቀዘ። አስተናጋጇ "እህት ሰው ሞቶብሽ ነው?" አለችኝ፣ እንዴት ብዬ ላስረዳት።

እውነቱን ልንገራችሁ፣ ከዚያ በኋላ ከእግዚአብሔር ጋር ተጣላሁ። አኮረፍኩት። ዳዊት "አቤቱ፥ እስከ መቼ ፈጽመህ ትረሳኛለህ" ብሏል አይደል፣ ዳዊት ጨዋ ነው፣ የእኔ ከዚያ ይብስ ነበር፣ እዚህ አልጽፈውም። ለሰው ልጅ ሌሊት ስቆም አድሬ የእኔን አንድ ኢሜል ማድረስ አቃተህ አልኩት። ሦስት ወር ቤተ ክርስቲያን አልገባሁም፣ እናቴ ኪዳን ልታደርስ ስትወጣ እኔ ዲዩቲ ነኝ እያልኩ እዋሻለሁ፣ ዲዩቲ ሳይኖረኝ።

2017 ላይ ድጋሚ ሞከርኩ። ጋቱን፣ የማስተርስ መግቢያ ፈተናውን፣ ተፈተንኩ አለፍኩ፣ ሦስት ቦታ አመለከትኩ፣ አንዱን እዚሁ፣ አንዱን ባሕር ዳር፣ አንዱን አዲስ አበባ፣ የስፖንሰር ደብዳቤውን ለማስፈረም ስንት ቢሮ እንደተመላለስኩ እሱ ራሱ ሌላ ታሪክ ነው፣ ድጋፍ ደብዳቤ የጻፉልኝን ሁለት መምህሮቼን እግዚአብሔር ይስጥልኝ አንዳቸው ታመው አልጋ ላይ ሆነው ነው የጻፉልኝ። እናቴ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወስዳኝ "ተሳይ" አለችኝ፣ በኩርፊያ አፍ "ከገባሁ ጃንጥላ አገባለሁ" አልኩ። ጥቅምት፣ ኅዳር፣ ታኅሣሥ ምንም የለም፣ ቴሌግራም መክፈትና መዝጋት ነው።

እና ያ ሌሊት።

ጥር 10 ቅዳሜ፣ ከተራ። ጎንደርን የምታውቁ ታውቁታላችሁ፣ ያን ቀን ከተማው ቤቱ አያድርም። ታቦታቱ ከየደብሩ ወጥተው ወደ ፋሲል ባሕረ ጥምቀት ሲወርዱ ሕዝቡ ነጭ በነጭ ሆኖ አብሮ ይወርዳል፣ እኔ ጋወኔን በፌስታል አንጠልጥዬ በሰው መሐል ሽቅብ። ናይት የደረሰኝ እኔን ነው። ሴቶቹ ታቦት ሲያልፍ ጎንበስ ብለው እልል ሲሉ እኔም ጎንበስ አልኩ፣ ግን በልቤ ያልኩትን ልናዘዝ፦ "በቃ አንተም ከነሱ ጋር ሂድ፣ ከዛሬ ወዲያ አልለምንህም" ነው ያልኩት። ታቦት ፊት!

ክፍሉ ውስጥ አሥራ አንድ ጨቅላ ነበር፣ ሦስቱ ኦክስጅን ላይ ናቸው። ሁለቱ መንታ ወንዶች፣ ትልቁ 1,400 ግራም ትንሹ 1,250፣ ሦስተኛዋ ከደንቢያ የመጣች እናት ልጅ፣ በመስኮቱ በኩል ያለው አልጋ ላይ። ትንሹ መንታ ሲፓፕ ላይ ነው። ለማታውቁት፣ ሲፓፕ ማለት ትንፋሹን የሚያግዝ ነው፣ የቱቦው ጫፍ ውሃ ያለበት ጠርሙስ ውስጥ ይገባና ሌሊቱን ሙሉ ቡልቅ ቡልቅ ሲል ያድራል፣ እኛ ነርሶች ያንን ድምፅ እየሰማን ነው ቻርት የምንሞላው፣ ልክ እንደ ቡና ጀበና ነው፣ እየጮኸ እስካለ ድረስ ዞር ብለህ አታየውም።

ከሌሊቱ 7 ሰዓት ከ40 ላይ መብራት ጠፋ።

መብራት መጥፋት ለእኛ ምንም አይደለም፣ ጀነሬተር እስኪነሳ ትቆጥራለህ፣ ሃያ ሠላሳ ስትል ይነሳል። ቆጠርኩ። ስልሳ አልኩ። ኮንሰንትሬተሮቹ፣ በመብራት ከአየር ኦክስጅን የሚያወጡት ማሽኖች፣ ጢጥ ጢጥ ብለው ጮኹና ዝም አሉ። ቡልቅታው ቆመ። እንደዚያ ያለ ዝምታ ሰምቼ አላውቅም፣ ከሩቅ ብቻ ከባሕረ ጥምቀቱ በኩል የካህናቱ ዜማ በድምፅ ማጉያ ይመጣል። አብራኝ ያለችው ሲስተር ማዋለጃ ክፍል ልጅ ልትቀበል ሄዳለች፣ ብቻዬን ነኝ። የስልኬን መብራት በጥርሴ ነክሼ አምቡ ባጉን፣ በእጅ እየተጨመቀ አየር የሚሰጠውን ፊኛ፣ አንስቼ ለትንሹ መንታ መጭመቅ ጀመርኩ፣ አንድ ሁለት ሦስት ልቀቅ፣ አንድ ሁለት ሦስት ልቀቅ፣ ሁለት እጅ ነው ያለኝ ልጆቹ ሦስት ናቸው። የደንቢያዋ ልጅ ሳቹሬሽን፣ የደሟ ኦክስጅን ማለት ነው፣ 81፣ 78፣ ከ90 እንዲወርድ አይፈለግም፣ እሱ ግን ይወርዳል።

ጥጉ ላይ ትልቅ የኦክስጅን ሲሊንደር ቆሟል። መብራት አይፈልግም፣ መክፈት ብቻ ነው። መክፈቻው በክር ታስሮ እዚያው አንገቱ ላይ ነው የሚንጠለጠለው። ክሩን ዳሰስኩት፣ ክሩ አለ መክፈቻው የለም። አንዱ ክፍል ወስዶታል። በእጄ ልጠመዝዘው ስል መዳፌ ተላጠ፣ ጠባሳው አሁንም አለ።

ያኔ ነው የጮህኩት። ቆንጆ ጸሎት አይደለም፣ "እግዚኦ" እንኳን አላልኩም፣ "ና እንግዲህ! የት ነህ? ና!" ነው ያልኩት፣ እንደ ሰው ነው የተጣራሁት። ግን የሰሙኝ እናቶቹ ናቸው፣ ጎን ያለው ክፍል ውስጥ ልጆቻቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው የሚተኙት፣ በየስልካቸው መብራት ተግተልትለው መጡ። የመንታዎቹ እናት ኦፕራሲዮን ሆና ገና ሦስተኛ ቀኗ ነው፣ ግድግዳ ይዛ ነው የመጣችው። ትልቁን መንታ ልብሱን አውልቄ ደረቷ ላይ ለጠፍኩት፣ "ጀርባውን አሻሺ፣ ትንፋሹ ሲቆም ጀርባውን አሻሺ" አልኳት። ስሟን የማልጠራት አንዲት የአርማጭሆ ባልቴት፣ የልጅ ልጃቸውን ሊያስታምሙ የመጡ፣ የደንቢያዋን ልጅ እግር በአውራ ጣታቸው እየነካኩ "እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ" ጀመሩ፣ ሌሎቹ ተቀበሏቸው። እኔም በዚያው ቁጥር መጭመቅ ጀመርኩ። በእግዚኦታ ትንፋሽ ቆጥሬ አላውቅም ነበር፣ ልክ ነው፣ ይሄዳል።

ቀና ስል የስልኮቹ ብርሃን የእናቶቹን ፊት ከሥር አብርቶ ዓይናቸው ብቻ ይታያል፣ የሥላሴ ጣሪያ መሰለኝ፣ ያ መላእክቱ ዓይናቸውን አፍጥጠው ወደ ታች የሚያዩበት። "የሚጠብቅህ አይተኛም አያንቀላፋም" የሚለው ከየት እንደመጣ አላውቅም አፌ ላይ መጣ።

ጥበቃው ጋሼ ጩኸቱን ሰምተው መጡ። "የሲሊንደር መክፈቻ! መፍቻ! ምንም ብረት!" አልኳቸው። አንድ ነገር አልጠየቁኝም፣ በዚያ ዕድሜያቸው በሩጫ ወጡ። ጋሼ፣ ይሄን የሚያነብልዎት ካለ፣ ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ጉልበትዎን አይንሳዎት። ሲመለሱ አብሯቸው አንድ ወጣት አለ፣ ነጭ ሀገር ልብስ የለበሰ፣ ነጠላውን መስቀለኛ አጣፍቶ። መልአክ መሰለኝ አልልም፣ ቤንዚን ቤንዚን ይሸታል። ከባሕረ ጥምቀቱ አንዲት ምጥ የያዛት ሴት በባጃጁ አምጥቶ በሩ ላይ የቆመ ልጅ ነው፣ ሊመለስ ሞተር አስነስቶ ነው ጋሼ መሪውን የያዙት። እጁ ላይ መፍቻ። "የቱ ነው ሲስተር?" አለኝ፣ በዓይኔ አሳየሁት፣ አንዴ ሞከረ አልበቃውም፣ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ሁለተኛ ሲሞክር ጭጭ አለና ከዚያ ፍስስስስ።

ያንን ፍስስታ እስክሞት አልረሳውም።

ቱቦውን ለሁለት ከፍዬ ለትንሹ መንታና ለደንቢያዋ ልጅ አደረግኩላቸው። 80፣ 84፣ 88፣ 91። ባጃጅ ነጂው ስልኩን ወደ ላይ አብርቶ እንደ ጧፍ ይዞልኝ ቆመ፣ ጀነሬተሩ እስኪነሳ ከሃምሳ ደቂቃ በላይ አልተነቃነቀም፣ አንድ ጊዜ ብቻ "ሲስተር ይሄ ሁሉ ሰው ነው?" አለኝ፣ ትንሹን መንታ እያየ። አዎ ሰው ነው አልኩት።

ንጋት ላይ ከማጉያው እልልታው ሲቀልጥ ውሃው እንደተባረከ አወቅን። ጋሼ በኋላ በሃይላንድ ጠበል አምጥተው ረጩን፣ ሕፃናቱን በጣት ብቻ ነካ አደረጉ፣ ኢንፌክሽን ኮንትሮል ይቅር ይበለኝ።

አሁን ምስክርነት የሚሰጥ ሰው ብዙ ጊዜ የሚዘለውን ልንገራችሁ። መንታዎቹ ድነው ወጡ፣ ትንሹ ሲወጣ 1,800 ሞልቶ ነበር። የደንቢያዋ ልጅ በአራተኛው ቀን አረፈች፣ በኢንፌክሽን። እናቷ እጄን ስማ ሄደች፣ እኔን! ለምን እንደሆነ አላውቅም፣ እግዚአብሔርን ጠይቄዋለሁ፣ እየጠየቅኩትም ነው፣ ግን አሁን ቆሜ ፊት ለፊት ነው የምጠይቀው፣ አኩርፌ አይደለም። እናቴ "ባለፈው ዓመት ገብተሽ ቢሆን ያን ሌሊት ማን ይኖር ነበር" ትላለች፣ እኔ ይሄን ለማለት ያሳፍረኛል፣ ሌላ ነርስ ብትኖርም መጮኋ አይቀርም ነበር፣ መፍቻውም ያው የባጃጅ ነጂው ነው። የማውቀው እግዚአብሔርን ና ብዬው መምጣቱን ነው።

ጥር አለቀ፣ የካቲትም፣ ጾም ገባ። መጋቢት መጀመሪያ ላይ ዲዩቲ ላይ ሆኜ ማዋለጃ ሄዳ የነበረችው ጓደኛዬ ኮሪደሩ ላይ እየሮጠች ስልኳን አፍንጫዬ ላይ ደቀነችው፣ የአዲስ አበባው ዝርዝር ወጥቷል፣ ተራ ቁጥር 14፣ የአባቴን ስም አንድ ፊደል ስተውታል ግን እኔው ነኝ። እጄ ጓንት ውስጥ ስለነበር ስልኩን እንኳን መያዝ አልቻልኩም። ወገኖቼ፣ "ቆይቼ እግዚአብሔርን ደጅ ጠናሁት" የሚለውን ዝም ብዬ ስለው ነው የኖርኩት፣ ደጅ ጥናት ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ጃንጥላውን ቅዳሜ ገበያ ነው የገዛነው፣ ቀይ፣ ወርቃማ ዘርፍ ያለው፣ እናቴ ሻጩን አንድ ሰዓት ስትከራከረው ዋለች፣ "ለሥላሴ ነው እኮ" ትለዋለች፣ እሱም "እኔም የሥላሴ ነኝ እማማ" ይላታል። በነጋታው መጋቢት 7 እሑድ የሥላሴ ዕለት ያ ባጃጅ ነጂ ሊወስደን መጣ፣ ሂሳብ አልቀበልም ብሎ ከእናቴ ጋር ተጣሉ። ጃንጥላው ባጃጅ ውስጥ አልገባ አለ፣ ቢያጋድሙት ቢያቆሙት እንቢ፣ መጨረሻ ላይ ዘርፉ በግራ በኩል ወጥቶ እናቴ እጀታውን አቅፋ ይዛ ሽቅብ ወደ ደብረ ብርሃን ሥላሴ ወጣን፣ መንገድ ላይ ያዩን ሴቶች እልል እያሉ፣ ከወንበሩ ሥር ያ መፍቻ በየጉድጓዱ ኳ ኳ እያለ።