ጥፋቱ የእማዬ አልነበረም

«እኔ ነኝ ዘፍዝፌ ያበላሸሁት» ብላ እማዬ ነጠላዋን አጣጥፋ ሳጥን ውስጥ ከታዋለች። ለጥምቀት የገዛችው ነው፤ መጀመሪያ ሲታጠብ ቀዩ ጥለት ነጩ ላይ ለቀቀ።

ከጥለቱ ጫፍ ቁራጭ ይዤ ዛሬ ላቦራቶሪ ገባሁ። ስድስት ዓይነት ፋይበር ጎን ለጎን ከተሸመነበት መሞከሪያ ጨርቅ ጋር ሰፋሁት፤ አሲቴት፣ ጥጥ፣ ናይለን፣ ፖሊስተር፣ አክሪሊክ፣ ሱፍ። በ40 ዲግሪ፣ ለ30 ደቂቃ፣ በሳሙና አጠብኩት።

ሲወጣ ዓይኔ ጥጡ ላይ ቀረ። እንደ ሕፃን ድድ ሮዝ ሆኗል። ናይለኑን አለፍ ብሎ ያለው ፖሊስተር ግን እንዳለ ነጭ ነው። ከ1 እስከ 5 ባለው የግራጫ መለኪያ (5 ንጹሕ ማለት ነው) ጥጡ 2 አገኘ።

ጥጥ ውሃ ይወዳል፤ ውሃው ይዞት የመጣውን ቀለምም አብሮ ይጠጣል። ፖሊስተር ውሃ ወደ ውስጥ አያስገባም ማለት ይቻላል። የጥለቱ ክር ከጥጥ ጋር በኬሚካል በሚተሳሰር ሪአክቲቭ ቀለም ተነክሮ፣ ትርፉም በደንብ ታጥቦ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባልለቀቀ።

ክሩ ሸማኔ እጅ ሳይገባ የተሠራን ጥፋት ስንት እናት «የኔ ነው» ብላ ተቀብላ ይሆን? ስትገዙ እርጥብ ነጭ የጥጥ ጨርቅ ጥለቱ ላይ ጫን አድርጋችሁ እሹት። ቀለም ከያዘ ተዉት።

ቅድም ደወልኩላት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ ከሳጥኑ ላውጣው?» አለችኝ።