በ150 ብር የገባሁበት ጣጣ

ነገሩ የሆነው ጥር 2012 ነው። ጥምቀት አልፎ ሁለተኛው ቀን። ሚካኤልም ገብቶ ከተማው ገና እያዛጋ ነው። ያኔ ፒያሳ፣ ከጊዮርጊስ ወረድ ብሎ ካለ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ አንድ ኮምፒውተር ጥገና ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። ጥገና ቤት ስላችሁ ያው ሁለት ጠረጴዛ፣ አንድ መደርደሪያ ሙሉ የተፈታታ ላፕቶፕ እና ጋሼ ማለት ነው። ጋሼ ባለቤቱ ናቸው። ብሎን መፍቻ ጨብጠው አይቼ አላውቅም፤ ዋጋ የሚናገሩት ግን እሳቸው ናቸው።

ጠዋት አንዲት የሒሳብ ሠራተኛ መጡ። ሃምሳን የተሻገሩ፣ ቀልጠፍ ያሉ ሴት። ላፕቶፑን በፌስታል ጠቅልለው፣ ፌስታሉን ቦርሳ ውስጥ ከተው፣ ቦርሳውን ደግሞ ብብታቸው ሥር ሸጉጠውታል። ቴዎድሮስ አደባባይ አካባቢ አንድ አስመጪ ድርጅት ውስጥ ነው የሚሠሩት። የድሮው ኮምፒውተራቸው ተቃጥሎ አለቃቸው አዲስ ገዝቶላቸዋል።

«ልጄ፣ ይሄን ዊንዶው አውጣልኝና የድሮውን፣ ሰባትን አስገባልኝ» አሉኝ።

ጋሼ ከስልካቸው ቀና ሳይሉ «150 ብር፤ ከሰዓት ብቅ ይበሉ» አሉ።

አለቀ። እኔም ለምን እንደፈለጉት አልጠየቅኩም። ዊንዶውስ 7 በቀን ሦስት አራቴ ስጭን የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ዓይኔን ጨፍኜ የምሠራው ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 7 የሚሰጠውን ድጋፍ ያቆመው እዚያው ወር ጥር 5 ቀን ነበር። ይህንንም አውቃለሁ። ከስምንት ቀን በኋላ እኔ ዲቪዲውን በሸሚዜ ጠርዝ እየወለወልኩ ነው።

ለራሴ ልመስክርና ፋይላቸውን በሙሉ ውጪ ሀርድ ላይ ገልብጫለሁ። ያንን ባላደርግ ኖሮ ይሄን ታሪክ ፖሊስ ጣቢያ ነበር የምጽፈው።

የላፕቶፑ ፕሮሰሰር የኢንቴል 8ኛ ጀነሬሽን ኮር አይ5 ነው። 8 ጊጋ ራም፣ 1 ቴራ ሀርድ፣ ዲቪዲ ማጫወቻም አለው። እዚህ ላይ ቆም ማለት ነበረብኝ። ዊንዶውስ 7 የወጣው በፈረንጆቹ 2009 ነው፤ 8ኛ ጀነሬሽን ደግሞ 2017። ማይክሮሶፍት ከ7ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ ያሉትን የኢንቴል ፕሮሰሰሮች የሚደግፈው በዊንዶውስ 10 ብቻ እንደሆነ ቀድሞ ተናግሯል። እኔ ግን ዲቪዲ ማጫወቻ ሳይ ደስ ብሎኝ ሌላውን ረሳሁት።

ዊንዶው ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የማሽኑ ማስተካከያ፣ ባዮስ ገባሁ። የድሮ ዊንዶው እንዲነሳ ሴኪዩር ቡት የሚባለውን መከላከያ አጠፋሁ፣ አነሳሱንም ወደ ድሮው ዓይነት፣ ወደ ሌጋሲ ቀየርኩ። ዲስኩ እየተንጫጨ ተነሳ። ቋንቋ ምረጥ የሚለው ገጽ መጣ። ማውሱን አንቀሳቀስኩ፤ ቀስቷ ንቅንቅ የለም። ከሥሩ የሚበራው ቀይ መብራትም ጠፍቷል። ከሰማያዊው ፖርት ነቅዬ ጥቁሩ ላይ ሰካሁት፤ የድሮ ዘዴያችን ናት፣ ሰማያዊው ዩኤስቢ 3 ስለሆነ ዊንዶውስ 7 አያውቀውም፣ ጥቁሩን ግን ያውቀዋል። ጥቁሩም ዝም። ታችፓዱን በጣቴ ፈተግኩት፤ እሱም ዝም። ኪቦርዱ ግን ይሠራል። «ዊንዶው ሲጫን ይስተካከላል» አልኩና በታብና በኢንተር መሄድ ጀመርኩ።

ሀርድ መምረጫው ላይ ስደርስ ሀርዱ የተከፋፈለው በአዲሱ ዘዴ፣ በጂፒቲ ስለሆነ አይጫንበትም አለኝ። ይሄ ለኛ ዜና አይደለም። ሺፍትና ኤፍ10 ተጭኜ ትዕዛዝ የሚጻፍባትን ጥቁር መስኮት አወጣሁ፤ ዲስክፓርት፣ ቀጥሎ ክሊን። ሀርዱ ባዶ ሆነ። ከፋብሪካ የመጣው ዊንዶውስ 10፣ የሪከቨሪ ክፍሉ፣ እዚያ ውስጥ የነበሩት ድራይቨሮች፣ ማለትም ዊንዶው እያንዳንዱን ዕቃ እንዲያውቅ የሚያደርጉት ፕሮግራሞች፣ ሁሉ በአንድ ቃል ሄዱ። ሰባት ሰዓት ገደማ ዴስክቶፑ ተከፈተ። ሽሮዬን አዝዤ ተመለስኩ።

ከዚያ ነው ጉዱ የመጣው። ማውስ የለም። ፍላሽ ስሰካ አያይም። ዋይፋይ የለም። የኔትወርክ ገመድ ሰካሁ፤ ለገመዱም ድራይቨር የለውም። ስልኬን በኬብል አገናኝቼ ኢንተርኔት ልስጠው አልኩ፤ ስልኩም የሚገባው በዩኤስቢ ነው። ብሉቱዝ? እሱም ከውስጥ የተሰካው በዩኤስቢ ነው። ድራይቨር ለመጫን ዩኤስቢ ያስፈልጋል፤ ዩኤስቢው ደግሞ ድራይቨር ይፈልጋል። ቁልፉን ቤት ውስጥ ረስቶ በሩን የቆለፈ ሰው ሆንኩ።

ምክንያቱ በኋላ ገባኝ። ዊንዶውስ 7 ውስጥ የዩኤስቢ 3 ድራይቨር የለም፤ ከነድራይቨሩ መምጣት የጀመረው ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ነው። ድሮ ችግር ያልነበረው ላፕቶፖቹ የዩኤስቢ 2 መቆጣጠሪያም ለብቻው ስለነበራቸው ነው። ኢንቴል ከ6ኛ ጀነሬሽን ጀምሮ እሱን አነሳው። አሁን ጥቁሩም ሰማያዊውም ፖርት የሚያልፈው በዚያው በአንዱ በር ነው። ቀለሙ ያው ቀለም ብቻ ነው። የውስጡ ኪቦርድ የተረፈው በዩኤስቢ ስላልተገናኘ ነው።

የቀረችኝ አንዲት ቀዳዳ ዲቪዲ ማጫወቻው ነው። ባዶ ዲስክ ፍለጋ ወጣሁ። 2012 ላይ ባዶ ሲዲ መፈለግ ምን እንደሆነ የሞከረው ያውቀዋል፤ ፊልም የሚገለብጡት ሁሉ ወደ ፍላሽ ዞረዋል። ከደጎል አደባባይ ተነስቼ ዶሮ ማነቂያን ዞርኩ። ያኔ ገና አልፈረሰችም። አንዱ የስልክ ካቨር ሻጭ ከመደርደሪያው ሥር አቧራ የለበሱ ሦስት ሲዲዎች አወጣና «እነዚህን የምትገዛኝ የመጨረሻው ሰው አንተ ነህ» አለኝ።

የመጀመሪያውን ሲዲ በችኮላ አበላሸሁት። የኢንቴልን የዩኤስቢ ድራይቨር አውርጄ ጻፍኩና ላፕቶፑ ላይ ስከፍተው ኮምፒውተሩ ዝቅተኛውን መስፈርት አያሟላም አለኝ። ለካ ያወረድኩት ለሌላ ቺፕሴት፣ ማለትም ዩኤስቢውንና ሌላውን ዕቃ ለሚያገናኝ ሌላ ዓይነት ቺፕ፣ የተሠራውን ነው። እነዚህ ሲዲዎች ደግሞ አንዴ ከተጻፈባቸው አይሰረዙም። ሁለት ቀረኝ።

ረጋ ማለት የጀመርኩት ያኔ ነው። የኮምፒውተሩ ዕቃዎች የሚዘረዘሩበት ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ፣ ድራይቨር የለንም የሚል ቢጫ ምልክት ያለባቸውን በቀስት ቁልፍ እየወረድኩ፣ ፕሮፐርቲስ፣ ዲቴልስ፣ ሃርድዌር አይዲ እያልኩ የእያንዳንዱን ቁጥር በእስክሪብቶ ደብተር ላይ ጻፍኩ። ማንም ያልነገራችሁ ካለ፣ የላፕቶፕ ሞዴል ሊያሳስታችሁ ይችላል፣ ምክንያቱም አንድ ሞዴል ውስጥ የተለያየ ዋይፋይ ካርድ ይገባል፤ ያ ቁጥር ግን አይዋሽም። ቬን ከሚለው ቀጥሎ ያለው አምራቹ ነው። 8086 ካለ ኢንቴል ነው፤ በፈረንጆቹ 1978 የወጣው የኢንቴል ቺፕ ስም እዚያ ውስጥ ይኖራል። ዴቭ የሚለው ደግሞ ዕቃው ራሱ ነው። የገመድ ኔትወርኩ ላይ 8168 የሚል አየሁ። ሪልቴክ የሚባለው አምራች ነው፤ እሱን በዓይነ ሕሊናዬም አውቀዋለሁ።

ሁለተኛው ሲዲ ላይ ሁለት ነገር ብቻ ጻፍኩ፤ ትክክለኛውን የዩኤስቢ ድራይቨርና የሪልቴክን። ሪስታርት። ማውሱ ሥር ቀይዋ መብራት ቦግ ስትል ብቻዬን ጮህኩ። ጋሼ «ምን ሆንክ?» አሉ።

ከዚያ በኋላ ዋይፋዩም ድምፁም በኢንተርኔት ገቡ። የቀረው ግራፊክሱ ነው። አምራቹ ድረገጽ ላይ ለዚያ ሞዴል ያለው የዊንዶውስ 10 ብቻ ነው። ኢንቴል ጋርም ለዚያ ግራፊክስ የዊንዶውስ 7 አላገኘሁም። ስክሪኑ ዊንዶው ሌላ ሲያጣ በሚጠቀምበት ጊዜያዊ ድራይቨር፣ በቪጂኤ እየሠራ ጽሑፉ ሁሉ ወፍሮ ተንጋዷል፤ ብርሃን መቀነስ አይቻልም፤ ክዳኑን ብትዘጋው እንቅልፍ አይወስደውም። የጎረቤት ሱቅ ልጅ ሁሉንም ድራይቨር ይዟል የተባለ ፍላሽ አመጣልኝ። ውስጡ የሆነ ሰው የነካካው የግራፊክስ ድራይቨር ነበር። ጫንኩት፤ ስክሪኑ ጠቆረ። በሴፍ ሞድ ገብቼ ሳነሳው ያላዘዝኳቸው ሁለት ፕሮግራሞችም አብረው ገብተው አገኘሁ። የሒሳብ ሠራተኛ ኮምፒውተር ላይ!

ሴትየዋ ረቡዕ ከሰዓት መጡ፤ ነገ አልኳቸው። ሐሙስ መጡ፤ ነገ አልኳቸው። ዓርብ ሲመጡ ወንበር ስበው ተቀመጡ። የታኅሣሥ ቫት ጥር 30 ሳያልፍ መታወጅ አለበት፣ ሰነዱ ሁሉ እዚያ ውስጥ ነው። ያን ጊዜ ነው ረቡዕ ጠዋት መጠየቅ የነበረብኝን የጠየቅኩት።

«እትዬ፣ ሰባትን ለምንድን ነው የፈለጉት?»

«እኔ ምን ቸገረኝ ሰባት ይሁን ሰባ! የሒሳብ ፕሮግራማችን የድሮ ነው፤ በዚህኛው ይከፈትና ሪፖርት ላትም ስል ይጠፋብኛል። የቢሮው ልጅ ‹በሰባት ይሠራል› አለኝ።»

አንድ ፕሮግራም። ለአንድ ፕሮግራም ብዬ ነው ሦስት ቀን ሙሉ ላፕቶፑን ከነነፍሱ ወደ ፈረንጆቹ 2009 የጎተትኩት።

የዚያን ዕለት ዊንዶውስ 10ን መልሼ ጫንኩት። ፈቃዱ ከላፕቶፑ ጋር የተያያዘ ስለሆነ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱ አክቲቬት አደረገ፤ ድራይቨሮቹንም በአፕዴት እየጎተተ አመጣቸው፣ እኔ ሻይ እየጠጣሁ። ከዚያ ቨርቹዋል ቦክስ፣ ማለትም በኮምፒውተሩ ውስጥ ሌላ የማስመሰያ ኮምፒውተር የሚፈጥር ፕሮግራም፣ ጫንኩና ዊንዶውስ 7ን እሱ ውስጥ አስገባሁት። 2 ጊጋ ራም ሰጠሁት። እዚያ ውስጥ ያለው ሰባት ትክክለኛውን ላፕቶፕ አያየውም፤ ቨርቹዋል ቦክሱ የሚያሳየውን የሚያውቀውን ዓይነት ዕቃ ነው የሚያየው። ስለዚህ የዩኤስቢ 3 ጣጣ የለም፣ የግራፊክስ ጣጣ የለም። ድጋፉ የተቋረጠ ስለሆነ ኢንተርኔቱን ዘጋሁበት። ፕሪንተሩን ብቻ አሳለፍኩለት።

ፕሮግራማቸውን ከፈቱ። መነጽራቸውን አፍንጫቸው ላይ ዝቅ አድርገው ሪፖርቱን አዘዙ። የሱቃችን አሮጌ ፕሪንተር ትንሽ አጉረምርሞ የመጀመሪያዋን ገጽ አወጣ። ከሥር ያለውን ድምር በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«ታዲያ ይሄን ረቡዕ ለምን አላደረግክልኝም?»

መልስ አልነበረኝም። ጋሼ ግን ከስልካቸው ቀና አሉና፣ በዚያች ሳምንት ለመጀመሪያ ጊዜ ይመስለኛል፣ «150 ብር ነው ያልነው፤ ቃላችን ቃል ነው» አሉ።

ሴትየዋ 200 ብር ቆጥረው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ። «ሃምሳው ለሲዲው ነው» አሉ፤ ያልተጻፈበትን ሦስተኛውን ሲዲም አንስተው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱት።